ሽሮ ቆዳውን አላወልቅ ሲል

ጥር ገብቷል። የኮልፌ አቧራ ተነሥቷል፤ ከአጠና ተራ ቤቴ እስክደርስ ጥቁሩ ጫማዬ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። ከንፈር ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ የልጆች ጉንጭ ይሻክራል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ስለ ቆዳ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚለኝ፤ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የሁለት ሰው እግር አይቼ የምመለስበት ቀን አለ።

ዛሬም ስለ ቆዳ ድርቀት ነው የምጽፈው። ታካሚው ግን እባብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ገጹን ልትገልጡት እንደሆነ ይገባኛል፤ ጎረቤቴም ነገሩን የሰማች ዕለት ስኒዋን አስቀምጣ አማትባለች። ትንሽ ታገሡኝ።

አምና ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልጄ ከአሜሪካ ደወለች። የምትኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለበት አገር ነው፤ እንጀራውም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። ድምፅዋ ተቆራርጦ «እማዬ፣ ቤቴ እባብ ገባ» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ መጀመሪያ የጠየቅኋት «ማንን ነከሰ?» ብዬ ነው። ማንንም አልነከሰም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ በክረምት ሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ገዝቶት ኖሯል። ለካ እባቡ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወር ተቀምጧል፤ እሷ ያወቀችው ገና ያን ዕለት ነው። «ስም ሁሉ አውጥቶለታል» አለች። ማን አለው ስላት «ሽሮ» ብላ አለቀሰች። ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ሳቄ መጣብኝ።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሦስት ዓመቱ ነው ከዚህ የሄደው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን አጭር ነው። የእኔና የእሱ የስልክ ወሬ ለዓመታት አንድ ዓይነት ነበር፦ «ደህና ነሽ እማማ? ደህና ነኝ። እሺ ቻው።» እናቱ ከኋላ እየገፋች እንደምታስደውለው ይታወቀኝ ነበር። እኔም ስለ ምን እንደማወራው አላውቅም። ስለ ትምህርቱ እጠይቃለሁ፣ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ያልቃል።

በማግሥቱ ራሱ ደወለ። በቪዲዮ ነው። እናቱ «እማማን ጠይቃት፣ ነርስ ናት፣ በሽታ እንደሚያመጣ ትነግርሃለች» ብላው ነው። እሱ ግን የደወለው ለሌላ ነገር ነው። «እማማ፣ ስኪኑ ፕሮብሌም አለው፣ እዪው» ብሎ ስልኩን ወደ መስታወቱ ሣጥን አስጠጋው።

እኔ እባብ እወዳለሁ አልልም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ አጥር ካቡ ውስጥ እባብ አውልቆት የሄደውን ቆዳ ስናገኝ በእንጨት አንሥተን እርስ በርስ እየተሳደድን እንሮጥ ነበር። ከዚያ በላይ ቀርቤ አላውቅም። ያን ዕለት ግን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ርዝመቱ ከክንዴ ትንሽ ይበልጣል። ቡናማ ነው፣ በላዩ ጥቁር አለበት። መርዝ የለውም፤ ጋና፣ ቶጎና ቤኒን አካባቢ የሚኖር ትንሽ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። የእኛ ትልቁ ዘንዶ ዘመዱ ነው። ሽሮ ግን ገና ሕፃን ነው።

ጀርባው ላይ አሮጌው ቆዳ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ተጣብቆ ቀርቷል። ጅራቱ ጫፍ ላይ ሦስት ቀለበት ሠርቷል። አንደኛው ዓይኑ ጥርት ብሏል፤ ግራው ደብዝዟል፣ ጭረትም አለበት።

የመጀመሪያው ምክሬ ስህተት ነበር። «ቫዝሊን ቀባው» አልኩት። ልጁ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ኖ እማማ፣ እሱ ሰው አይደለም» አለኝና ያነበበውን በተሰባበረ አማርኛ ያስረዳኝ ጀመር። አርባ ደቂቃ አወራን።

የነገረኝን፣ በኋላም ራሴ ያነበብኩትን በራሴ አነጋገር ልጻፍላችሁ። የእኛ የላይኛው ቆዳም ይወልቃል። በወር ገደማ ውስጥ ይታደሳል፤ የሚራገፈው ግን በየቀኑ፣ ዓይን በማያየው ቅንጣት ነው። አንሶላ ስታራግፉ ከሚቦንነው ከፊሉ እኛው ነን። እባብ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚጥለው። መጀመሪያ ከሥር አዲስ ቆዳ ይሠራል። ከዚያ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ፈሳሽ ይገባና ያላቅቃቸዋል። ያን ጊዜ መልኩ ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ወተት የነካው ይመስል ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። በደንብ ስለማያይ ይደበቃል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ሲነኩት ይቆጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኑ ይጠራል፤ ሰው «ዳነ» ይላል፣ ግን ገና ነው። ከዚያም ጥቂት ቀን ቆይቶ አፍንጫውን ሻካራ ነገር ላይ ያሻል፣ ከከንፈሩ ይጀምርና ካልሲ ተገልብጦ እንደሚወልቅ አድርጎ ከራስ እስከ ጅራት ያወልቀዋል። ከመደብዘዙ እስከ ማውለቁ አንድ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ልጅ እባብ ቶሎ ስለሚያድግ በወር በወር ተኩል አንዴ ሊያወልቅ ይችላል፤ ትልቁ ያዘገያል።

አንድ ነገር ብቻ አስደነቀኝ፤ እባብ የዓይን ቆብ የለውም። አይጨፍንም። ዓይኑን የሚሸፍነው መስታወት የመሰለ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። ጤነኛ እባብ በጣለው ቆዳ ላይ ሁለት ክብ የዓይን መስታወቶች ይታያሉ። የሽሮ ግራ ዓይን የደበዘዘው አሮጌው መስታወት ሳይወልቅ ቀርቶ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሥራ ውሃ ይፈልጋል። አየሩ ከደረቀ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ያለው ይደርቅና አሮጌው እንደ ሙጫ ይይዛል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ቅማል መሰል ተባይ፣ ውሃ ማነስ፣ ሕመም፣ የቆየ ጠባሳ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ደረቅ አየር ነው። «ሣጥኑ ውስጥ የአየሩ እርጥበት ስንት ነው?» አልኩት። መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ክብ መለኪያ አለች፤ ሃምሳ በመቶ ትላለች። ሁለተኛ መለኪያ፣ ቁጥር የምታወጣውን፣ እንዲገዛ ነገርኩት። ሆስፒታል የኖረ ሰው በአንድ ቴርሞሜትር አያምንም። አዲሷ መለኪያ 22 አለች። የእሱ ዓይነት እባብ ከ55 እስከ 60 በመቶ ይፈልጋል፤ ሊያወልቅ ሲል ደግሞ ወደ 70 ከፍ ቢል ይመረጣል።

ለምን ያን ያህል ደረቀ? ዴንቨርም እንደ እኛ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የእኛን ባታህልም 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሯም ደረቅ ነው። ክረምታቸው በረዶ ነው፣ ቤታቸው ቀን ከሌሊት ይሞቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ በረዶ እየጣለ አየሩ እንዴት ይደርቃል? ቀዝቃዛ አየር ውሃ የሚይዝበት ዕቃው ትንሽ ነው። ትንሽ ማሰሮ ግማሽ ድረስ ውሃ አለባት እንበል። ያንኑ ውሃ ወደ ትልቅ እንስራ ገልብጡት፤ ሥሩን ብቻ ይሸፍናል። ውሃው አልቀነሰም፣ ዕቃው ነው የሰፋው። ከደጅ የገባው ቀዝቃዛ አየር ቤት ውስጥ ሲሞቅ የሚሆነው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ከሣጥኑ በላይ የሙቀት አምፖል በርቷል፣ ክዳኑ ወንፊት ነው፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጥቂት እርጥበት ሰጋቱራ ይጠጣዋል።

ቫዝሊኑን ለምን እንደተሳሳትኩ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። የተማርኩትን ነው የረሳሁት።

ወጣት ነርስ ሳለሁ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ ዘነበወርቅ ባለው አለርት ለጥቂት ሳምንት ሥልጠና ገብቼ ነበር። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ ነው፤ በዚያው ግቢ ያለው የምርምር ተቋም ደግሞ የበሽታውን ጀርም እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሃንሰን ስም ይጠራል። ሄጄ ሳይ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው «በሽታው ጣት ይበላል» እያለ ነበር። በሽታው ጣት አይበላም። ነርቭ ነው የሚያጠቃው። ነርቩ ሲሞት ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛው ስሜት ነው፤ እሳትም ጠጠርም አይታወቅም። ሁለተኛውን ሰው አያስተውለውም፤ ላብ ይጠፋል። ላብ የሌለው እግር እንደ ክረምት ጭቃ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁ ጀርም ይገባል፣ ቁስሉ አይታመምምና ሰውየው ይረግጥበታል፣ አጥንት ይደርሳል። ብዙ ጣት የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በሽታው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፤ የሞተ ነርቭ ግን ስለማይመለስ የእግር እንክብካቤው ዕድሜ ልክ ነው።

እዚያ ያሳዩን ሕክምና ሳፋ ነበር። ሌላ ምንም የለውም። ታማሚው እግሩን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይዘፈዝፋል፤ የውሃውን ሙቀት ስሜት ያለው ሰው በክርኑ ይለካለታል። የደደረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ በቀስታ ያሻል። ከዚያ እግሩ ገና እርጥብ እያለ ቅባት ይቀባል። ዘይትም ቢሆን፣ ቫዝሊንም ቢሆን። ቅደም ተከተሉን ስስት አስተማሪያችን ተቆጥተውኛል፤ «ቅባት ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን እንዳይወጣ ክዳን ነው። ባዶ ድስት ብትከድኚ ምን ይሆናል?» አሉኝ። እና ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጄን ባዶ ድስት ክደን አልኩት። ለእባብማ ክዳኑም አይጠቅም፤ ቅባት ቅርፊቱን ያቆሽሽበታል እንጂ።

በሁለተኛው ስልክ «ሳፋ አለህ?» አልኩት።

የሠራነውን በአጭሩ ልበል፤ እባብ ለሌላችሁ ብዙም አይጠቅም፣ ላላችሁ ደግሞ (አንድ አንባቢ ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ) ዋናው ይበቃል። ለብ ባለ ውሃ፣ ጀርባውን በማይሸፍን ጥልቀት፣ አጠገቡ ሆኖ ሃያ ደቂቃ ያህል አስቀመጠው። የእባብ ገላ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ለእኛ ለመታጠቢያ የሚመቸን ውሃ ለእሱ ያቃጥላል። ከዚያ እርጥብ ፎጣ አጣጥፎ በእጥፋቱ መሃል እንዲያልፍ ለቀቀው፤ ፎጣው እያሸ የጀርባውን ልጣጭ ወሰደለት። በጥፍር መቧጠጥ የለም። ዓይኑን በፍጹም እንዳይነካ አስማልኩት፤ የተጣበቀውን በወረንጦ የጎተተ ሰው አብሮ ዓይኑን ሊያወጣ ይችላል። ሣጥኑን ደግሞ አስተካከለ። ወንፊቱን በከፊል በፎይል ሸፈነ፣ ሰጋቱራውን አውጥቶ የኮኮናት ቃጫ አነጠፈ፣ የውሃውን ሳህን አሰፋ። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ቀዶ በር አወጣለትና ውስጡ እርጥብ የወረቀት ፎጣ አደረገ፤ ሽሮ ሊያወልቅ ሲል ገብቶ የሚተኛባት የእንፋሎት ቤቱ ናት። ሁሉን ማርጠብ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ወለሉ ዘወትር ከራሰና አየር ካልዞረ ሆዱ ያዥጎረጉራል፣ ሳንባውም ይታመማል። ይህን ስሰማ ጠዋት ማታ ሽንት ጨርቃቸው ሳይቀየር የሚውሉ ሕፃናት ትዝ አሉኝ። ቆዳ መድረቅም መዘፍዘፍም አይወድም።

ከጅራቱ ቀለበቶች ሁለቱ ወለቁ። ሦስተኛው አልወለቀም። ካሜራውን አስጠግቶ ሲያሳየኝ ጫፉ ጠቁሯል። ይህን እባብም ሰውም ብሎ መለየት አያስፈልግም። አዋላጅ ክፍል ሳለሁ የእናት ፀጉር የሕፃን እግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ጣቱን ሲያጠቁር አይቻለሁ፤ ያበጠ ጣት ላይ የቀረ የጋብቻ ቀለበትም በመጋዝ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ደም ካልደረሰው ይሞታል። «ነገ ሐኪም ጋ ሂድ» አልኩት። ገንዘቤ አልቋል አለኝ። እናቱን ጠራኋት። «እንኳን ይሙት» የምትለዋ ልጄ ምንም ሳትናገር መኪናዋን አስነሥታ እባብ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የጅራቱን ጫፍ አንድ ጥፍር ያህል ቆረጠው። ዓይኑን ግን ሳይነካ «የሚቀጥለውን ማውለቅ ጠብቁ፣ እርጥበቱን ብቻ አታጓድሉ» ብሎ መለሳቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከሐኪሙ መልስ ልጄ ለብቻዋ ደወለችና «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ለሕፃኗ ያሰጋል?» አለችኝ። ልጁ ታናሽ እህት አለችው፤ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር።

አሰብኩ። የልጅ ልጄ ማታ ማታ እየደወለ የሚያወራኝ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አንድ ቀን ስለ እኛ አገር እባቦች ሊጠይቀኝ ይደውላል፤ እኔ የማላውቀውን እሱ ይነግረኛል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባለው እርጥብ ደናችን፣ ቡና በሚበቅልበት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኝ ጥቁርና ቢጫ እፉኝት አለ፤ ውጭ አገር በሣጥን የሚያረቡት ሰዎች ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ቤት ይሠሩለታል። ከባሌ የሐረና ጫካ ደግሞ የእሱ ዘመድ የሆነ ሌላ እፉኝት እ.ኤ.አ. በ2016 በጫካው ስም «ሐረና» ተብሎ ለሳይንስ ተመዝግቧል። «እማማ፣ የኛ ነው!» ይለኛል። «የኛ» ያለው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ምን ብዬ ላፍርሰው?

ነገር ግን ለእናት «አያሰጋም» ማለት አልችልም። እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። የታይፎይድ ጀርም የዚሁ ወገን ነው፤ የእባቡ ወገን ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፣ በሕፃን ግን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ጀርሙ ከዓይነ ምድሩ ወደ ቆዳው፣ ወደ ሣጥኑ፣ ወደ ውሃው ይሄዳል። እባቡን ያልነካች ሕፃን የነካውን የወንድሟን ልብስ ብትልስ ይበቃል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ከ4 ኢንች ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከሉት ልጆች አፋቸው ውስጥ እያስገቡ ስለታመሙ ነው። የበሽታ መከላከያ ማዕከላቸውም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ ባይኖር ይመክራል። ያንን ሳፋ ደግሞ የት ነው ያጠበው? የወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ! ይህን ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ዘፍዝፈው ብዬ ሳዝዝ ከዚያ በኋላ ሳፋው የት እንደሚታጠብ መናገር የመጀመሪያው ሥራዬ መሆን ነበረበት።

ሁሉንም ነገርኳት። በሩ ይቆለፍ፣ ሳፋው የእባቡ ብቻ ይሁን፣ ወጥ ቤት አይግባ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ልብስ ይቀየር አልኩ። «አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። «እኔ ብሆን ልጅቷ አምስት ዓመት እስክትሞላ ከቤት አወጣዋለሁ» አልኳት።

ሽሮ በየካቲት ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለ የልጁ ጓደኛ ቤት ሄደ። እዚያ ትንሽ ልጅ የለም። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ እየሄደ ይመግበዋል፣ እርጥበቱን ያያል። እኔ ዘንድ ግን መደወል ተወ። እናቱ ስልኩን ስትሰጠው «ደህና ነሽ እማማ? ደህና ነኝ። እሺ ቻው» ይላል። እንደ ድሮው። አልፈርድበትም። በእሱ ዓይን እኔ ጅራቱን ያዳንኩለት ሳልሆን እባቡን ያስወጣሁበት ነኝ። ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ብትጠይቀኝ ያንኑ እመልሳለሁ፤ ግን መጀመሪያ ለእሱ ነበር መንገር የነበረብኝ። ለእናቱ ከኋላው ነገርኳት። ዎርድ ውስጥ እንኳ ለታማሚው ሳልነግር ለአስታማሚው አልነግርም ነበር።

ወደ እናንተ ተረከዝ ልመለስ፤ ሦስት አራት ደብዳቤ አለኝ። ከአየር ጤና የጻፍሽልኝ እናት፣ የልጅሽን ገላ በቀን ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና አትጠቢው። ለብ ያለ ውሃ፣ አጭር ጊዜ፣ ቀላል ሳሙና፤ ፎጣውን ነካ ነካ አድርጊና ቆዳው እርጥብ እያለ ወዲያው ሽታ የሌለው ቅባት ቀቢው። እጥፋቱ ላይ ቀልቶ የሚያሳክከው ከሆነ ጤና ጣቢያ አሳዪው። ተረከዛችሁ የተሰነጠቀ ሁሉ፣ ማታ ሳፋ፣ ድንጋይ፣ ቅባት፣ ከዚያ ንጹሕ ካልሲ። በምላጭ የምትቆርጡ ተዉ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ይህን ዘዴ እንዳትከተሉ፤ እግራችሁን ረጅም ጊዜ አትዘፍዝፉ፣ ታጥባችሁ በጣቶቻችሁ መሃል በደንብ አድርቁ፣ ቅባቱን ከጣት መሃል በስተቀር ቀቡ፣ ስንጥቅ ካያችሁ በዚያው ሳምንት ለባለሙያ አሳዩ። እጅ ወይም እግሩ ላይ የነጣ፣ ሲነኩት የማይታወቅ ምልክት ያለው ሰው ካለ አይደበቅ፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው።

ለገና ከኦሮራ የመጣ ሰው ከልጄ ዘንድ ዕቃ አድርሶልኝ ነበር። ቫይታሚን፣ ሹራብ፣ የሕፃኗ ፎቶ። ከሥር አንድ ወፍራም ፖስታ። በልጁ ጽሕፈት፣ ተጣሞ ግን በፊደል፣ «ለእማማ» ይላል። ውስጡ የታሸገ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ የሽሮ ቆዳ። አልተቀደደም፤ ከከንፈር እስከ ተቆረጠው ጅራት አንድ ወጥ ነው። በወረቀት ላይ «መጋቢት። አትክፈቺው፣ ሳልሞኔላ አለው» ብሎ ጽፎበታል።

አልከፈትኩትም። ጎረቤቴ ለቡና ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ አይታው በር ላይ ቀረች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እስካስገባው ድረስ ስኒ አላነሣችም። ከሄደች በኋላ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩትና መነጽሬን አደረግሁ። ቀኙ የዓይን መስታወት ስስ ነው፣ ጣቴን ከኋላው ሳደርግ ጥርት ብሎ ይታያል። ግራው ወፈር ይላል። አዘንብዬ አየሁት፤ ሁለት ነው፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ወልቋል።